ከባነሩ በፊት ሁለት ሜትር ሲባጎ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ጤና ይስጥልን።

የካቲት በተቃረበ ቁጥር በየትምህርት ቤቱ የሚታየው ጥድፊያ አንድ ዓይነት ነው። ባነር ይታዘዛል፣ ሚኒ ሚዲያው ሽለላና ቀረርቶ ይለማመዳል፣ የክብር እንግዳ ይጠራል፣ ተማሪው ሰልፍ ሜዳ ላይ ፀሐይ እያቃጠለው ንግግር ይሰማል። በማግስቱ የታሪክ መምህሩ «ቅኝ ገዥዎችን የተቋቋሙ የአፍሪካ መሪዎችን ጥሩልኝ» ሲል ስም ይጎርፍለታል። «እሺ፣ የምዕራብ አፍሪካው ሳሞሪ ቱሬ ለምን ተሸነፈ? ምኒልክስ ለምን አሸነፉ?» ሲል ግን ሁሉም ወደ ደብተሩ ያቀረቅራል።

ይህን የምንጽፈው በሐረርና በድሬዳዋ ታሪክ የምናስተምር መምህራን ነን። የምንለው አንድ ነገር ነው። የእነዚያ መሪዎች ታሪክ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሻገረው ክፍል ውስጥ፣ በመምህር እጅ ነው፤ መምህሩ ለዚህ የሚያስፈልገው ነገር ደግሞ ከአንድ ባነር ዋጋ ያነሰ ነው። ምን እንደሚያስፈልገውና በምን እንደሚጠቀምበት አንባቢም፣ ርዕሰ መምህራንም፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎችም እንዲያውቁት እንፈልጋለን።

የመጀመሪያው እንቅፋት «የጎሳ መሪ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ከጀርባው ያለው ሥልጣን ለየቅል ነው። የአውሳው ሡልጣን መሐመድ ሐንፈሬ አገር የሚገዛ፣ ጦር የሚያዝ ሰው ነበር። የኢሳ ኡጋዝ ግን አዛዥ ሳይሆን የሔሩ፣ ማለትም የሕጉ፣ ጠባቂና የአንድነት ምልክት ነው፤ ውሳኔ የሚወጣው ከ44 ሰዎች ሸንጎ ነው። አባ ገዳ ስምንት ዓመቱ ሲሞላ ሥልጣኑን ያስረክባል። የሶማሌው ሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን የሃይማኖት መምህር ነበር፤ ከተለያየ ጎሳ ሰው ያሰባሰበው በሷሊሒያ ጠሪቃ፣ ማለትም በሱፊ ማኅበር፣ ነው። የአካለ ጉዛዩ ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ ደግሞ መጀመሪያ ከጣሊያን ጋር የሠራና በጣሊያን የተሾመ ሰው ነበር። እነዚህን ሁሉ «የጎሳ መሪዎች» ብሎ በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ ተማሪው ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ እንዳይረዳው ያደርጋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ አራት ዓምድ ያሰምራል፦ ማን ሾመው? በምን ያዛል? ማን ሊሽረው ይችላል? ሲሞት ማን ይተካዋል? ተማሪዎች በአምስት በአምስት ሆነው አንድ አንድ መሪ ይወስዳሉ። ጠቃሚው አራተኛው ዓምድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም እሱው ነው። ባሕታ ሐጎስ በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም ሰገነይቲ ላይ ተነሥቶ ሐላይ ላይ ሲገደል አመፁ ሳምንት እንኳ አልሞላውም። በኬንያ የናንዲ ሕዝብ መሪ የነበረው ኮይታለል አራፕ ሳሞኢ እ.ኤ.አ. በ1905 ለእርቅ ተብሎ በተጠራበት ቦታ በእንግሊዛዊ መኮንን እጅ ሲገደል የናንዲ ተጋድሎ ብዙም ሳይቆይ ተሰበረ። ሰይድ መሐመድ ሲሞት እንቅስቃሴውም አብሮት ሞተ። የአውሳ ሡልጣኔት ግን ተተኪ የሚቆምበት ሥርዓት ስለነበረው ሡልጣን ሲሞት ሌላ ሡልጣን እየተተካ ቀጥሏል። ተማሪው ይህን በራሱ ሠንጠረዥ ላይ ሲያነብ ቅኝ ገዥው ለምን ከጦሩ ይልቅ መሪውን ያሳድድ እንደነበር ሳይነገረው ይገባዋል።

ከዚያ ለሐረርጌ ክፍል ከ1868 ዓ.ም የተሻለ መነሻ የለም። የግብፁ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል በዚያ ዓመት መጀመሪያ ወደ እኛ አቅጣጫ ሦስት ጦር ላከ። ራኡፍ ፓሻ ከዘይላ ተነሥቶ በጥቅምት መግቢያ ሐረርን ያዘ። ስዊዘርላንዳዊው ሙንዚንገር ከታጁራ ወደ አውሳ ገሰገሰ። ዴንማርካዊው አረንድሩፕ በምፅዋ በኩል ወደ መረብ ወረደ። በኅዳር፣ አንድ ሳምንት እንኳ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ሙንዚንገር አውሳ ላይ በአፋሮች፣ አረንድሩፕ ጉንደት ላይ በአፄ ዮሐንስ ጦር ተደመሰሱ። ሐረር ግን ለ10 ዓመት በግብፅ እጅ ቆየች። ላኪው አንድ፣ ዓመቱ አንድ፣ መሣሪያው ተመሳሳይ፤ ውጤቱ ሦስት ዓይነት። መምህር ክፍሉን ለማነቃቃት ከዚህ የበለጠ ጥያቄ ከየት ያመጣል?

ተማሪው መጀመሪያ የሚመልሰው «ጀግኖች ስለነበሩ» ብሎ ነው። መልሱን አትንቀፉት፤ ግን አትቀበሉት። «ሐረሮችስ ጀግና አልነበሩም?» ብሎ መመለስ ይበቃል። ያን ጊዜ ክፍሉ ማሰብ ይጀምራል። ሙንዚንገር ይዞት የገባው ሰው ወደ 400 ቢጠጋ ነው፤ የሰፈረው አፋሮች እያንዳንዱን ኩሬ በሚያውቁበት አገር ነው፤ የተመታው ሌሊት ነው። ሬሚንግተን ጠመንጃ ጥቅሙ ከሩቅ መምታቱ ነው፤ ጨለማ ውስጥ ጊሌ፣ የአፋርን ጩቤ፣ የያዘ ሰው ድንኳን ውስጥ ከገባ ርቀቱ ዋጋ የለውም። አረንድሩፕ ጦሩን ገደላገደል ውስጥ አውርዶ የዮሐንስን ሠራዊት ብዛት ሳያውቅ ተከበበ። ራኡፍን በመንገዱ ላይ የኦሮሞ ጎሳዎች ተዋግተውታል፤ አሚር መሐመድ ግን ከገዛ ሕዝቡ ጋር ተቃቅሮ ስለነበር ጁገል፣ የከተማዋ ግንብ፣ ሳይደፈር በሩ ተከፈተ። አሚሩንም ግብፆቹ ብዙ ሳይቆዩ ገደሉት። ግንብ ከውስጥ እንደሚከፈት የጁገል ልጅ ከማንም በላይ ይገባዋል፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በየቀኑ በአንደኛው በር ይገባልና።

አሁን ወደ ሲባጎው እንምጣ። የዘመን መስመር እንዲሆን ሁለት ሜትር ሲባጎ ይቆረጣል፤ አንዱ ጫፍ 1867፣ ሌላው ጫፍ 1933 ዓ.ም ነው። በመካከሉ 66 ዓመት አለ፤ ለእያንዳንዱ ዓመት ሦስት ሴንቲ ሜትር ሲሰጥ 198 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የቀረችው ሁለት ሴንቲ ሜትር ለቋጠሮ ናት። ዓመቱ በቀለም ነጥብ ይደረግበታል፤ ድርጊቱ በደብተር ወረቀት ቁራጭ ላይ ተጽፎ በልብስ መቆንጠጫ ይንጠለጠላል። ዓድዋ 63ኛው ሴንቲ ሜትር ላይ ይውላል። ባሕታ ሐጎስ 60ኛው ላይ፣ ከዓድዋ አንድ ጣት በሚያህል ርቀት። ተማሪው በዚህች ርቀት የሚያየው ነገር አለ፤ ጣሊያን ለሰፋሪዎቿ መሬት መንጠቋ አካለ ጉዛይን አስነሣ፣ አመፁ በትግራይ በኩል ጦርነቱን አቀጣጠለ፣ ዓድዋም ተከተለ። ሲባጎውን በእጅ በጣም አታጥብቁት፤ ይሳባል። ነጥቡ ከሳምንት በኋላ ቦታውን የለቀቀ ሲባጎ አይተናል። ናይለኑ የባሰ ይሳባል፣ የጥጡ ይሻላል።

ሐረር ውስጥ ግን የሲባጎው ከባድ ቦታ 36ኛው ሴንቲ ሜትር ነው። 1879 ዓ.ም ነው። እዚያ ሁለት ወረቀት በአንድ ነጥብ ላይ ይንጠለጠላል፤ ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ወደ 500 የሚጠጋውን የጣሊያን ጦር የደመሰሱበት ቀንና ምኒልክ፣ ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ፣ ጨለንቆ ላይ የአሚር አብዱላሂን ጦር ድል የነሡበት ቀን። በሁለቱ መካከል ሦስት ሳምንት እንኳ የለም። በአንድ ወር ውስጥ፣ በሰሜን ቅኝ ገዥ ተመታ፣ በምሥራቅ የሐረር አሚርነት አበቃ።

ብዙ መምህር እዚህ ላይ ሲደርስ ገጹን ይገለብጣል። ለምን እንደሚገለብጥ እናውቃለን፤ አንድ ክፍል ውስጥ የኦሮሞ፣ የሐረሪ፣ የአማራ፣ የሶማሌና የጉራጌ ልጅ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጧል፤ ከኋላ መቀመጫ «የእናንተ» እና «የእኛ» የሚል ቃል አንዴ ካመለጠ ክፍለ ጊዜው አለቀ። ጨለንቆን የዘለለ መምህር ግን የቀረውን የሚናገረው ሁሉ አይታመንም። የሚሠራው ዘዴ ይኸ ነው። አንደኛ፣ መምህሩ ከመጀመሪያው ቀን «በዚህ ክፍል ስለ ሟቾች ሲወራ በስማቸውና በሥልጣናቸው ነው የሚጠሩት፤ ‹እኛ› አይባልም» ብሎ ሕግ ያወጣል፤ ሕጉን ጥቅምት ላይ ያወጣዋል፤ የካቲት ላይ ካወጣው ተማሪው እንደ ቁጣ ይቆጥረዋል። ሁለተኛ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ትክክል ነበር የሚለው ሳይሆን ማን ምን ነበረው የሚለው ነው፤ ስንት ሰው፣ ምን ዓይነት መሣሪያ፣ ከየት የመጣ። ሦስተኛ፣ ትያትር አይሠራም። ዓድዋን በትያትር ማሳየት ይቻላል፤ ጨለንቆን ግን ተማሪን በተማሪ ካስጠቃችሁ ከክፍል ይዘውት የሚወጡት ቂም ነው።

ሰይድ መሐመድም እንዲሁ ነው። በሲባጎው ላይ እንደ ሌሎቹ በአንድ ወረቀት አይወከልም፤ ቀይ ክር ከ72ኛው ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ከ1891 ዓ.ም፣ ተነሥቶ እስከ 138ኛው፣ እስከ 1913 ዓ.ም ይጠመጠማል። ዓድዋ ግማሽ ቀን ነው፤ ይህ ከ21 ዓመት በላይ ነው። እንግሊዝን፣ ጣሊያንን፣ ኢትዮጵያንም ተዋግቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1900 ጅጅጋ ላይ የነበረውን የኢትዮጵያ ጦር ሰፈር አጥቅቷል፤ የምኒልክ ጦርም ከእንግሊዝ ጋር ተባብሮ ዘምቶበታል። ከዓድዋ አራትና አምስት ዓመት በኋላ የሆነ ነገር ነው። «ታዲያ ጀግና ነው ወይስ ጠላት?» ተብሎ ሲጠየቅ መምህሩ መልስ ለመስጠት አይቸኩል፤ ጅጅጋ ላለው ተማሪና አዲስ አበባ ላለው ተማሪ ጥያቄው አንድ አይደለም። የተረጋገጠው ይነገራል፤ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1920 መጀመሪያ ላይ 12 አውሮፕላን አምጥተው ምሽጎቹን ደበደቡ፣ የታሌሕ ድንጋይ ግንብ ተለቀቀ፣ ሰይድ ወደ ኦጋዴን ሸሽቶ በዚያው ዓመት ማብቂያ ዋቢ ሸበሌ ዳር ኢሚ ላይ በኢንፍሉዌንዛ ሞተ።

ቁጥር ለማስተማር በቆሎ ይበቃል። አንድ ፍሬ 500 ሰው ይሁን። ዓድዋ ላይ የኢትዮጵያ ጦር ወደ 100,000 ስለሚገመት 200 ፍሬ ይሆናል፤ የጣሊያን ጦር ወደ 17,700 ስለነበር 35 ፍሬና ቁራጭ። የሙንዚንገር ጦር አንድ ፍሬ አይሞላም፤ ፍሬውን ገምጠው የሚያሳዩ ተማሪዎች ስላሉ መምህሩ ትርፍ ይዞ ይግባ። ተማሪው 200ውንና 35ቱን ካየ በኋላ «በቃ፣ ብዛት ነው» ይላል። ያን ጊዜ የኦምዱርማን ጦርነት ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1898 የሱዳኑ ኸሊፋ ወደ 50,000 ሰው አሰልፏል፣ 100 ፍሬ፤ እንግሊዝና ግብፅ 25,000፣ 50 ፍሬ። ከኸሊፋው ወገን 10,000 ያህል ሞተ፣ ከወዲያኛው ወገን 50 እንኳ አልሞላም። በቆሎው እጥፍ ሆኖ ለምን ተሸነፈ? መልሱ መትረየሱና መድፉ ነው፤ ኸሊፋው ሜዳ ላይ በጠራራ ፀሐይ መግጠሙም ነው። ይህን ክፍል ከዓድዋ ቀድሞ ማቅረብ ስሕተት ነው፤ ተማሪው ተስፋ ቆርጦ ዓድዋን እንደ ተአምር ይቆጥረዋል።

ዓድዋ ተአምር አልነበረም፤ ዝግጅት ነበር፤ የዝግጅቱም መንገድ በእኛ ደጅ ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890 የአውሮፓ መንግሥታት ብራስልስ ላይ ተፈራርመው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 20 ዲግሪ እስከ በስተ ደቡብ 22 ዲግሪ ባለው አፍሪካ ዘመናዊ ጠመንጃ እንዳይገባ ከለከሉ። ሳሞሪ ቱሬ ከፍሪታውን የሚያመጣው መሣሪያ ቀስ በቀስ ደረቀበት። አንጥረኞቹን ሰብስቦ የፈረንሳይን ጠመንጃ በመዶሻ እያስቀረጸ ያሠራ ነበር፤ ጠመንጃው ሲሠራ ጥይቱ አልበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ1898 ተማረከ፣ ጋቦን ተግዞ እዚያው ሞተ። ለምኒልክ ግን በኦቦክና በጂቡቲ በኩል ያለው በር አልተዘጋም፤ ፈረንሳይ ጣሊያንንና እንግሊዝን ስለምትፎካከር ውጅግራው፣ የፈረንሳዩ ጠመንጃ፣ በግመል ይመጣ ነበር። ሐረርን የያዙት ራስ መኮንን የዚያ መንገድ ጠባቂ ነበሩ። ሐረር ውስጥ በስሙ የሚጠራውን ቤት ቱሪስት የሚጎበኝለት ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ወደ 2,000 ጠመንጃ ይዞ ከታጁራ አንኮበር ለመድረስ አራት ወር ያህል ፈጅቶበታል፤ የደረሰውም ምኒልክ ከጨለንቆ ዘመቻ በሚመለሱበት ሰሞን ነው። ተማሪው ግጥሙን ባያውቅም ግመሎቹን ቢያውቃቸው ይበቃዋል።

የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ ፈተና ላይ ብዙ ነጥብ የሚወድቀው ግን እዚህ ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ከፈረንጁ ዓመት ላይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ አካባቢ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ይቀነሳል። ተማሪው ሁልጊዜ ስምንት ስለሚቀንስ ባሕታ ሐጎስን 1886 ላይ ይሰቅለዋል። ሌላ ጥያቄ ደግሞ በየዓመቱ ይመጣል፦ «የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ዓድዋ ማርች 1 ነው ይላል፣ እኛ የምናከብረው ማርች 2 ነው፤ ማን ተሳሳተ?» ማንም አልተሳሳተም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም በፈረንጁ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ፈረንጆች 1900ን እንደ ተራ ዓመት ቆጥረው ፌብሩዋሪ 29ን ሲያስቀሩ የእኛ አቆጣጠር አላስቀረም፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ የካቲት 23 ማርች 2 ላይ ይውላል። አሥር ደቂቃ የሚወስድ ማብራሪያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ክፍሉ መምህሩን ያምነዋል።

ድሬዳዋ ላይ ያለ መምህር ደግሞ ለገሃርን በእግሩ ይጠቀም። የጂቡቲው ሐዲድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ ድሬዳዋ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም ነው፤ ከተማዋም ያኔ ነው የተቆረቆረችው። በ310 ኪሎ ሜትሩ ውስጥ ኢሳዎችና አፋሮች የሥራ ካምፖችን ደጋግመው አጥቅተዋል። ግጦሻቸውንና የውኃ ጉድጓዳቸውን ሐዲድ ሲቆርጥባቸው፣ ግመሎቻቸው ይዘውት የኖሩት የጭነት ሥራ በባቡር ሊወሰድባቸው ሲል ዝም ብለው አላዩም። በእነዚያው ዓመታት ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ በሚሠራው ሐዲድ ላይ ናንዲዎች የቴሌግራፍ ሽቦውን ለጌጥ፣ ብሎኑን ለመሣሪያ እየወሰዱ ተዋግተዋል። ሁለቱን ካርታ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው፤ ካርታው ቢጠፋ በታጠበ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ በቀለም ይሣላል። ከረጢቱ ሳይታጠብ ቀለም አይዝም። ሐዲድ ላይ ተማሪን ማስቆም ግን ክልክል ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ማየት ይበቃል።

ስለ ሽማግሌዎች አንድ ምክር አለን። «ሂዱና አያቶቻችሁን ጠይቁ» ብሎ መላክ ቀላል ነው፤ የሚመጣው ወረቀት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጠቅምም። ዛሬ 80 ዓመት የሞላቸው ሰው የተወለዱት ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው፤ ያዩት ሳይሆን የሰሙት ነው የሚነግሩን። ስለዚህ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ይህን ከማን ሰሙት? ነጋሪው ያኔ የት ነበር?» የሚለው ነው። ተማሪው ከሦስት ጥያቄ በላይ አይያዝ። የሚሄደው በቤተሰብ በኩል አስፈቅዶ ነው፤ ስልክ አውጥቶ ሳያስፈቅድ መቅዳት ነውር ነው፣ ሽማግሌውም ቃላቸውን ይመዝናሉ። ከሰዓት በኋላ፣ ጫት በሚቃምበት ሰዓት ብዙ ወሬ ይገኛል፤ ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅን እዚያ መላክ ግን አይገባም፤ ጠዋት ይሻላል።

ስለ መምህር ዋጋ ለብቻው ንግግር ማድረግ አያስፈልግም፤ ታሪኩ ውስጥ ተቀምጧል። ዑመር ሙኽታር ከጦር መሪነቱ በፊት በሊቢያ ዛዊያ፣ ማለትም የሃይማኖት ትምህርት ቤት፣ ውስጥ የቁርኣን መምህር ነበር። እድሜው ወደ 70 ሲጠጋ ጣሊያንን 20 ዓመት ያህል ተዋግቶ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 16 ቀን 1931 ሱሉቅ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ እስረኞች ፊት ተሰቀለ። ሕዝቡን በማጎሪያ አጉሮ፣ በግብፅ ድንበር 270 ኪሎ ሜትር ያህል የእሾህ ሽቦ ያሠራበት ጄኔራል ግራዚያኒ ነው። ግራዚያኒ ከአራት ዓመት በኋላ በኦጋዴን ግንባር መጣብን። ሐረር መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም በአውሮፕላን ተደበደበች፤ ሚያዝያ 30 ጦሩ ከተማዋን ያዘ። በዚያው ግንባር ናሲ የተባለ ጄኔራል የሚመራው የሊቢያ ክፍለ ጦር ነበር፤ ይኸው ናሲ በኋላ የሐረር ገዥ ሆነ። የዑመር ሙኽታር አገር ልጆች በሰቀለው ጄኔራል ታዘው ኦጋዴን ላይ ሲዋጉ፣ በእኛ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1925 ኤል ቡር ላይ ጣሊያንን ወግቶ ወደ ኢትዮጵያ የተሻገረው ሶማሌው ዑመር ሰመተር ከፊታውራሪ ሽፈራው ጋር ወልወል ላይ ቆሞ ነበር። ይህን ሁለት ዑመር የያዘ አንድ ገጽ ለተማሪ መስጠት አንድ የትምህርት ዓመት ያህል ያስተምራል።

ፋሽስቶችም የመምህርን ዋጋ ያውቁ ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በኋላ በተለይ እየተፈለገ የተገደለው ፊደል የቆጠረው ወጣት ነው። የሐረርጌው መምህር ሼኽ በክሪ ሳጳሎ ደግሞ ከጣሊያን በኋላ እያስተማሩ እ.ኤ.አ. በ1956 ለኦሮምኛ የራሱን ፊደል ፈጠሩ። ከአሮጌ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የሚቆም መምህር ከእነዚህ ሰዎች ጋር አንድ ሙያ እንዳለው የሚነግረው ሰው ቢያገኝ አይጎዳም።

ስለ ፈተና። «የዶጋሊ ጦርነት በስንት ዓመተ ምህረት ተካሄደ?» የሚል የምርጫ ጥያቄ ሲባጎውንም በቆሎውንም ከንቱ ያደርጋል፤ ተማሪው የሚያጠናው የሚጠየቀውን ነውና። በአንድ ሞዴል ፈተና ላይ አንድ አጭር ጽሑፍና ሁለት ጥያቄ ቢገባ ይበቃል፦ የሙንዚንገርና የራኡፍ ጉዞ በአምስት መስመር ይሰጣል፤ ከዚያ «ውጤታቸው የተለያየበትን ሁለት ምክንያት ከጽሑፉ ጥቀስ» ይባላል። እርማቱ እንደሚረዝም እናውቃለን። 70 ወረቀት በዚህ ዓይነት ለማረም አንድ መምህር ሁለት ምሽት ይፈጅበታል፤ ምሽቱን ደግሞ ለመዋጮ መሰብሰቢያና ለኮሚቴ ስብሰባ የሚወስድበት አካል ይህን ይቁጠርለት።

የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። የካቲት 23 ባለበት ሳምንትና ሚያዝያ 27 ባለበት ሳምንት ለታሪክ ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ ይሰጥ፤ በ40 ደቂቃ ውስጥ ሲባጎው ተዘርግቶ ሳያልቅ ደወል ይደወላል። ከበዓሉ በጀት ውስጥ ለአንድ ክፍል አሥር ሜትር የጥጥ ሲባጎ፣ ሁለት ጣሳ ቀለም፣ አንድ ኪሎ በቆሎና 40 የልብስ መቆንጠጫ ይገዛ። ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ የትምህርት ዕቅድ ደብተሩን ብቻ አይቶ አይሂድ፤ ክፍሉ ውስጥ ቆይቶ አንድ ተማሪ 36ኛው ሴንቲ ሜትር ላይ ሁለት ወረቀት ለምን እንደሰቀለ ይጠይቅ።

ሲባጎውን ከገዛችሁ በኋላ ከመስኮቱ አርቃችሁ ስቀሉት፤ የሐረር የጥቅምት ነፋስ መቆንጠጫዎቹን ያረግፋቸዋል።

ከአክብሮት ጋር
በሐረርና በድሬዳዋ ታሪክ የምናስተምር መምህራን